የእስረኞቹ አገልግል

አባየ የታሰረ ጊዜ እኔ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እርግጥ አባየ ታስሮ አያውቅም፤ ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን "ሂዊ፣ አባትሽ እኮ አልታሰረም" ብሎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ፣ ያንን ግንቦት ሙሉውን የእስረኛ ልጅ ሆኜ ኖርኩ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። ከክፍላችን ልጆች መካከል ስንቅ የምታመላልስ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የነገሩ ሥር ውሃ ነው። መንደራችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ሲወጡ ዳገቱ ላይ የተለጠፈ ነው፤ የአንዱ ማሳ ከሌላው ራስ ላይ ነው ያለው። ክረምት ሲገባ ገብሱ እንዳይበሰብስ እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን በማረሻ ቀዶ ፈሰስ ያወጣል። ፈሰስ ማለት ውሃን "ከእኔ ውጣልኝ እንጂ የትም ግባ" የሚሉበት ቦይ ነው። ውሃውም እሺ ብሎ ይወጣና ታች ካለው ጎረቤት ማሳ ይገባል። ጎረቤትም በፈንታው ፈሰስ ያወጣል። እንዲህ ሲቀባበሉት ታች ሲደርስ ቦረቦር ይሆናል። ያ ቦረቦር እኔ ሳልወለድ ዶሮ የምትዘለው ነበር አሉ። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ ግን በሬ ቢገባበት ቀንዱ አይታይም ነበር።

ከእኛ ማሳ በታች ያለው የአያ እንዳላማው ነው። የእኛ ፈሰስ በተከፈተ ቁጥር የእሱ ድንች ታጥቦ ቦረቦር ይወርዳል። በዚሁ የተነሳ ከአባየ ጋር ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ ሰው ገላገላቸውና ከዚያ ወዲያ ሰላምታም የለ፣ እሳት መጫጫርም የለ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር ሲገባ ሌላው ዞሮ በምዕራብ ይገባል። አባየ ሲያስነጥስ አያ እንዳላማው "ይማርህ" የሚል ቃል እንዳያመልጠው አፉን በጋቢው ይይዛል ይባል ነበር።

እኔን የጎዳኝ ሌላው ነው። የአያ እንዳላማው ሚስት እትየ ሥራነሽ የክርስትና እናቴ ናት። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች፤ ጭኗ ላይ አስደግፋ፣ ጣቷን ቀስ እያደረገች፣ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ። ጠቡ ሲመጣ ደጇን እንዳልረግጥ ተከለከልኩ፤ ጸጉሬም በእማየ እጅ ወደቀ። እማየ ነፍሷን ይማርና፣ ሹሩባ ስትሠራ መጫኛ የምትገምድ ነበር የሚመስላት። እትየ ሥራነሽን በሩቁ ባየሁ ቁጥር የራስ ቆዳየ ይናፍቃት ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀበሌው ሊቀ መንበር ቆሞ፣ የቦረቦሩን ችግር መንስኤ የሚያጣራ ባለሙያ ከማርቆስ እንደሚመጣ፣ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲገኝ፣ የቀረ እንደሚቀጣ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሰው ሁሉ ይሰብሰብ፣ ማንም እንዳይቀር፣ ነገር ይጣራል። ይህማ አውጫጭኝ ነው።

አውጫጭኝን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ድሮ በግ ሲሰረቅ፣ ክምር ሲቃጠል፣ አድራጊው ሲጠፋ፣ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ቄሱ ይገዝታል። የሚያውቅ እስኪናገር ድረስ ማንም ቤቱ አይገባም፤ ላሚቱም ሳትታለብ ትውላለች። በስተመጨረሻ አንዱ ርቦት ወይ ጨንቆት "ወፍ ነገረኝ" ብሎ ለዳኛው ሹክ ይላል፤ ጥፋተኛውም ይያዛል። ወጉ ከቀረ ቆይቷል፤ ሰው ግን አልረሳውም። እንግዲህ ከማርቆስ የሚመጣው ሰው ቦረቦሩን ማን እንደቆፈረው ሊያውጣጣ ነው ተባለ። እኔ ደግሞ የማንም ወፍ ሳያስፈልገኝ አውቃለሁ። አባየ በክረምቱ ዝናብ ውስጥ ጆንያ ለብሶ፣ በዶማ ፈሰሱን ወደ አያ እንዳላማው ማሳ ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለሙያው በሞተር ብስክሌት መጣ። ተስፋዓለም ይባላል፤ መነጽር ያደረገ፣ ሰደርያው በኪስ የተሞላ፣ ሲናገር እጁን ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው የሚያመላልስ ነበር። የአገራችን ሰው አልነበረም፤ ለሥራ የመጣ ነው። የአልጋ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጠፈና፣ እዚህ የመጣነው ጥፋተኛ ለመያዝ ሳይሆን መንስኤና ውጤቱን አብረን ለመመርመር ነው አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። የአውጫጭኝ ዳኛም ሲጀምር በለሆሳስ ነው።

ከዚያ ቄስ ወልደ ሚካኤል በጸሎት እንዲከፍቱ ተጠየቁ። ማሳቸው ከሁሉም በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ በአውጫጭኝ የተቀመጡበትን የልጅነት ዘመን የሚያስታውሱትም እሳቸው ነበሩ። መስቀላቸውን አውጥተው፣ ያየህ፣ የሰማህ፣ ብትደብቅ የደበቅኸው በልጅህ ይውጣ ብለው ገዘቱን። ተስፋዓለም የአካባቢው ቡራኬ መስሎት ከሁሉም አስቀድሞ "አሜን" አለ። እኔ የአባየ ልጅ ነኝና በእኔ እንዳይወጣ ሁለት እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩ።

"ቦረቦሩ ለምን እየሰፋ የሄደ ይመስላችኋል?" ሲል ጠየቀ ተስፋዓለም።

እትየ ደብሪቱ ተነሡ። መበለት ናቸው፤ ከቦረቦሩ በወዲያ ማዶ ነው የሚኖሩት።

"እኔ ያን ቀን ወፍጮ ቤት ነበርኩ" አሉ።

የትኛውን ቀን እንደሆነ ጠየቃቸው። የሰፋ ቀን አሉት። ምስክር ቢፈልግ ባለወፍጮው በሕይወት አለ። ሌላው ተነሥቶ እሱ ደግሞ ለቅሶ ላይ እንደነበረ ተናገረ። ሦስተኛው እንኳን ቦረቦር ሊቆፍር ወገቡን አሞት በሬም አልጠመደም። ተስፋዓለም ለእያንዳንዱ "ለምን?" ይላል፤ እነሱም በየፊናቸው የት እንደነበሩ ያስረዳሉ። ወረቀቱ ላይ እስከ ረፋድ የተጻፈው "ወፍጮ" እና "የወገብ ሕመም" ብቻ ነበር።

ዛሬ እንጀራየ ይኸው የተስፋዓለም ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ፣ ወረቀቴን ጠቅልዬ፣ ከወረዳ ወረዳ እየዞርኩ ሰው ችግሩን ከሥሩ እንዲያይ አግዛለሁ። ስለዚህ ያን ረፋድ ምን እንደተሰማው አውቃለሁ። "ለምን" ብለህ ስትጠይቅ "ማን" ብለህ የጠየቅህ የሚመስለው አገር ውስጥ ቆሞ ሰውየው ላቡ በጀርባው ወረደ። ሆኖም ብልህ ነበር። ወረቀቱን ትቶ፣ ባለማሳዎቹ ሁሉ ግቢው ተዳፋት ላይ እንደየማሳቸው አቀማመጥ እንዲቆሙ ለመናቸው። የላይኛው ላይ፣ የታችኛው ታች።

እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ወንዶቹ በሰልፍ ቆሙ። እንዲህ ያለ ሰልፍ አውቃለሁ። አጎቴ አማረ በድንበር ጠብ ሰው ፈንክቶ ማርቆስ ታስሮ በነበረ ጊዜ እማየ ይዛኝ ሄዳ ነበር። እስረኞቹ እንዲሁ ተሰልፈው ቆመው፣ ባለጠመንጃው ዳር ቆሞ፣ ሴቶቹ አገልግል ይዘው። የእኛም ግቢ ዳር ሚሊሻው ሙሉብርሃን ጠመንጃውን አንግቦ ቆሟል። የቀረ አልነበረም፤ አገልግሉ ብቻ ነበር የጎደለው።

ተስፋዓለም ከታች ጀመረ። አያ እንዳላማውን የማሳህ ውሃ ከየት ይመጣብሃል አለው። አያ እንዳላማው ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዱላውን ቀስ ብሎ አነሣና አባየን ጠቆመ።

"ከዚህ" አለ። ስሙን መጥራት አልፈለገም።

ተስፋዓለም በደስታ አጨበጨበ፤ ከጠዋት ጀምሮ ያገኘው የመጀመሪያ መልስ ነው። እኔ ግን ሰውየው አባየ ሲያዝ ያጨበጨበ መሰለኝና ክፉኛ ጠላሁት። ቀጥሎ አባየን ጠየቀው። አባየ በጣቱ በላዩ ያለውን አሳየ። እሱ ደግሞ በላዩ ያለውን። ጣቱ እየወጣ እየወጣ ቄስ ወልደ ሚካኤል ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ማንን ይጠቁሙ? ከበላያቸው ሰው የለም። መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ አነሡ።

ተስፋዓለም እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። መጻፍ አለበት፤ መንስኤ ነው። ቄሱ የሚጽፈውን አይተው፣ ልጄ፣ እሱን እዚያ ቦረቦር አጠገብ አታስገባው አሉት። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ተስፋዓለም ሌላ ጥያቄ አመጣ። አሁን ፊታችሁን አዙሩ፤ ከእናንተ የወጣው ውሃ ማን ላይ ይወርዳል? አለ። ሰልፉ ወደ ታች ዞረ። ቄስ ወልደ ሚካኤል መንደሩን በሙሉ ከእግራቸው ሥር ተደርድሮ አዩት። አባየም ዞረና ከአያ እንዳላማው ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። አባየ መጀመሪያ ጫማውን አየ፤ ከዚያ ቀና አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። እኔ በቃ ፈረዱበት ብዬ አለቀስኩና እማየ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫየን ጠረገችኝ።

ከዚያ ወዲያ የተባለውን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ሰኞ ይጀመራል። ከቄሱ ማሳ ይጀመርና ሁሉም እስኪያልቅ ድረስ ይቆፍራል። የቀረ ይቀጣል። እኔ ይህን ስሰማ ፍርዱ ገባኝ፤ ከባድ ሥራ ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ቄስ ወልደ ሚካኤል ራሳቸው፣ ውሃው የሚጀምረው ከእኔ ከሆነ ሥራውም ከእኔ ይጀምር ብለው፣ የሁሉም ፈሰስ አንድ ላይ ተገናኝቶ በድንጋይ በተነጠፈ አንድ ቦይ ወደ ወንዙ እንዲወርድ ሽማግሌዎቹ ተስማምተው ነው። ደቦ ነው በአጭሩ። ያን ጊዜ ግን ደቦ ማለት ጠላና ዘፈን ያለበት ነው የማውቀው፤ በዚህኛው ላይ ማንም አልዘፈነም።

ሰኞ እማየ ምሳውን በአገልግል ቋጥራ ለአባየ አድርሺ አለችኝ። እንጀራ በሽሮ፣ ሁለት ቅቅል ድንች፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበርበሬ ድቁስ። አንድ ሰው የሚያጠግብ ነበር። ሳንጠለጥል እንባየ መጣ፤ አባየን እንዲህ ሆኖ ላየው ነው።

ስደርስ ሁሉም እንደጠበቅሁት ነው። ወንዶቹ በረድፍ ይቆፍራሉ። ሙሉብርሃን ጠመንጃውን አንግቦ ቆሟል። (ሙሉብርሃን እዚያ የቆመው የገዛ ማሳውን ተራ ሲጠብቅ ነው። ጠመንጃውን ደግሞ ሰርግም ላይ አያወርድም፤ የዚያን ለት ግማሹን ቀን በጠመንጃው እያመካኘ ከሥራ አምልጧል።) የምሳ ሰዓት ሆነና እያንዳንዱ የየቤቱ አገልግል መጣለት። አያ እንዳላማው ብቻውን ቦዩ ዳር አካፋውን ተደግፎ ተቀምጧል። እትየ ሥራነሽ ወንድሟ ሞቶባት ለለቅሶ ቁይ ከተማ ወርዳለች። ልጅ የላቸውም። የሚያመጣለት ሰው የለም።

እማየ ማርቆስ እስር ቤት በር ላይ ያስተማረችኝ ነገር ነበር። ስንቅ የሚያመጣለት የሌለው እስረኛ ሲታይ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ከአማረ አገልግል ላይ ቆርሳ ለማታውቀው ሰው ስትሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ይሄኛውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ቢከለክሉኝም የክርስትና እናቴ ባል ነው። አባየን አልፌ ሄድኩና አገልግሉን አያ እንዳላማው ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

"ይብሉ" አልኩት።

"ማነው የላከሽ?"

"ከቤት ነው" አልኩ። አልዋሸሁም፤ ከቤት ነበር።

አገልግሉን ትኩር ብሎ አየው። ክዳኑን ከፈተና እንጀራውን ሳይነካ ብዙ ቆየ። አባየ ከላይ ሆኖ አገልግሉ የት እንዳረፈ አየ። አካፋውን እንደያዘ ወረደ። የሌሎቹ መንጋጋ መላወሱን አቆመ፤ ሙሉብርሃን እንኳ ጠመንጃውን ወደ ሌላኛው ትከሻ አዛወረ። አባየ መጥቶ ከፊቱ ቆመ። አያ እንዳላማው ቀና ብሎ አየው፣ ከእንጀራው ቆረሰ፣ በሽሮው አጠቀሰና እጁን ዘረጋ።

"ጸጋው፣ እንካ" አለው።

አባየ ቆሞ ቀረ። ወፍራም ጉርሻ ነው፤ ሽሮው በአያ እንዳላማው ክንድ ላይ እየወረደ ነው። ጉርሻ ተዘርግቶ አይመለስም። አባየ አካፋውን ጣለና አፉን ከፈተ። ከዚያ ተቀመጠ። አንድ ሰው የሚያጠግበውን ሁለት ሆነው በሉት፤ ሲጨርሱ ሁለቱም ርቧቸው ነበር።

ባዶውን አገልግል ይዤ ሙሉብርሃንን መቼ እንደሚፈቱ ጠየቅሁት። እሱ ቦዩን የጠየቅሁት መስሎት "እግዜር ካለ ለሰኔ ሚካኤል" አለኝ። የፍርዱን ልክ ያወቅሁት እንዲህ ነው። ቤት ገብቼ ለእማየ እስረኞቹ እንደበሉ፣ ግን ምግቡ እንዳነሰ ነገርኳት። እማየ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። በማግስቱ አገልግሉ ከብዶ ክንዴ ተንቀጠቀጠ። እስከ ሰኔ ሚካኤል እንዲሁ ተመላለስኩ።

እትየ ሥራነሽ ከቁይ የተመለሰች ለት በራችን ድረስ መጥታ ሂዊ አለች። አባየ አንገቱን ነቀነቀልኝ። ሮጥኩ። ጸጉሬን ፈትታ፣ ምነው ልጄን እንዲህ ገመዷት እያለች ስትሠራኝ፣ ጭኗ ላይ ተኝቼ ከእንቅልፌ ስነቃ መሽቶ ነበር። የዚያን ቀን ደስታ ዛሬም ራሴ ላይ አለ።

መስከረም ላይ ተስፋዓለም ተመልሶ ቦረቦሩ እንዳልጨመረ አየና እንደገና "ለምን?" ማለት ጀመረ። ሥራው ያለቀው ጸጋውና እንዳላማው ስለታረቁ ነው አሉት፤ ቀድሞ የማይነጋገሩት እነሱ ስለነበሩ። ለምን ታረቁ? አባየ፣ እንዳላማው በገዛ እንጀራየ ጋብዞኝ፣ ከእንዲህ ያለ ደፋር ሰው ጋር እንዴት እጣላለሁ አለ። አያ እንዳላማው ደግሞ፣ ኧረ ጸጋው ነው፤ ሚስቴ እንደሌለች አውቆ ምሳውን ልኮልኝ አለ። እያንዳንዱ እሱ ነው፣ የለም እሱ ነው ሲባባሉ ተስፋዓለም ግራ ገብቶት "የጋራ ግንዛቤ" ብሎ ጻፈ።

እኔ እያደግሁ ስሄድ ነገሩ ገባኝ። የላከም የለ፣ የጋበዘም የለ፤ የታሰሩ የመሰላት ልጅ ብቻ ነበረች። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ብናገር ሁለቱም አንዳቸው ለሌላቸው ያላቸውን ክብር የምወስድባቸው መሰለኝ።

ባለፈው ጥቅምት አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶችን ቦዩን ላሳይ ወደ መንደራችን ወሰድኩ። ቦረቦሩ ሳር ለብሷል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ያንኑ ታሪክ እያነሱ እንደ ልማዳቸው አንተ ነህ፣ የለም አንተ ነህ ሲባባሉ ዋሉ። አንዷ ልጅ ወደ እኔ ዞራ፣ አንቺ እዚያው አልነበርሽም እንዴ፣ የትኛው ነው እውነቱ አለችኝ። ሁለቱም አዩኝ። ሁለቱም እውነት ነው አልኩ። አያ እንዳላማው ሳቀና፣ እኔ ከማርቆስ ካመጣሁት ዳቦ ቆርሶ እንደ ወትሮው መጀመሪያ ለአባየ ሰጠ።

አባየ እስከ መኪናው ሸኘኝ። እርምጃው ዘግይቷል። መንገድ ላይ ድንገት፣

"እስረኞቹ በሉ ብለሽ ነበር የነገርሻት" አለኝ።

ቆምኩ። "ማንን?"

"እናትሽን። ማታውኑ ነገረችኝ። ልጅህ ታስረሃል ብላ ነው የምትመላለሰው ብላ በሳቅ ልትሞት።"

ይህን ሁሉ ዘመን ምስጢሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ግንቦትን ሙሉ ሌሊት በእንባ ያደርኩትን ነገርኩት። አልታሰርኩም ብትለኝ ምን ነበረበት አባየ፣ ለምን ዝም አልከኝ አልኩት።

አባየ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። አያ እንዳላማው ቦዩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

"ተፈታሁ ብልሽ ስንቁን ታቆሚያለሻ" አለኝ።